መድረክ ላይ እጅ ለምን ይንቀጠቀጣል? ሙዚቀኞች አእምሯቸውን ለጫና የሚያዘጋጁበት መንገድ

ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን አንዲት ቃል ሳይስት የሚያዜም ወጣት ዳኞችና ካሜራ ፊት ሲቆም ሁለተኛው ስንኝ ይጠፋበታል፤ ድምፁ ከባንዱ ቅኝት ይወጣል፤ ማይክ የያዘው እጁ ሲንቀጠቀጥ እቤቱ የተቀመጠው ተመልካች ሳይቀር ያየዋል። እንደ ፋና ላምሮት ያሉ የድምፅ ውድድሮች በቴሌቪዥን መታየት ከጀመሩ ወዲህ ይህ ለብዙ ሰው የታወቀ ትዕይንት ሆኗል። ፍርዱም ፈጣን ነው፦ «አልተለማመደም»፣ «ችሎታው ያችው ናት»፣ ወይም «ፈሪ ነው»። እነዚህ ፍርዶች አልፎ አልፎ ልክ ይሆናሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ልጁ ተለማምዷል፣ ችሎታም አለው፤ ያልተለማመደው ጫናውን ነው።

በዚህ ጽሑፍ «የአእምሮ ዝግጅት» ስንል አንድ ሙዚቀኛ በሰው ፊት ሲቆም ትኩረቱን የት ላይ እንደሚያሳርፍ፣ የሚጫወተውን በምን መንገድ አጽንቶ እንደሚይዝ፣ የሰውነቱን መነቃቃትም እንዴት እንደሚቀበል አስቀድሞ የሚለማመደውን ሥራ ማለታችን ነው። ከመጋረጃው ጀርባ በመጨረሻዋ ደቂቃ የሚሰጥ «በርታ» ከዚህ ሥራ ውስጥ አይቆጠርም።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

አንጎል አንድን ሁኔታ አስጊ ነው ብሎ ሲቆጥረው፣ ከኩላሊቶቻችን በላይ የሚገኙት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ይህን ምላሽ ሲያጠና፣ ሰውነት ለመዋጋት ወይም ለመሸሽ የሚያደርገው ዝግጅት መሆኑን አስረድቷል። ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ትንፋሽ አጭርና ፈጣን ይሆናል፤ ደም ከቆዳና ከጣቶች ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ያዘነብላል፤ ለጊዜው የማያስፈልገው የምግብ መፍጨት ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ምራቅ ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ከአውሬ ለሚሸሽ ሰው ይጠቅመዋል። ሙዚቀኛው ግን የሚሸሽበት የለውም፤ ሥራውም የሚሠራው ሰውነቱ በዚያች ቅጽበት ችላ በሚላቸው ትንንሽ ጡንቻዎች ነው። ስለዚህ ጉዳቱ እንደየመሣሪያው ይለያያል። ማሲንቆ ወይም ቫዮሊን የሚጫወተው ሰው ረጅም ድምፅ ሲጎትት ደጋኑ ክሩ ላይ ይዘልበታል። ዋሽንት ነፊው ከንፈሩ ይደርቃል። ድምፃዊው በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሰው ሐረግ መሃል ላይ ይቆረጥበታል፤ ጉሮሮው ስለሚጠብቅም ከፍ ያለው ኖታ ቀጥኖ ይወጣል። የክራር፣ የጊታርና የኪቦርድ ተጫዋቾች በብዛት የሚያማርሩት የጣታቸውን መቀዝቀዝ ነው። ከበሮ ወይም ድራም የሚመታው ግን ያው ኃይል አንዳንዴ ይጠቅመዋል፤ ችግሩ ፍጥነቱ ሳይታወቀው መጨመሩ ነው።

ለብዙ ሰዎች የዚህ ስሜት ጫፍ የሚደርሰው ወደ መድረክ ከመውጣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። የመጀመሪያውን ዘፈን ወይም የመጀመሪያውን ገጽ በልዩ ጥንቃቄ ማዘጋጀት እንደሚገባ የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የጀማሪዎች ችግር አይደለም ወይ?

ልምድ ሲጨምር ፍርሃት ይጠፋል የሚለው እምነት ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳ ይመስለኛል፤ ፍርሃቱ ካልለቀቃቸው «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብለው እንዲደመድሙ ያደርጋቸዋልና። የታላላቆቹ ታሪክ የሚያሳየው ሌላ ነው። በስፔን ካታሎኒያ የተወለደው የሴሎ (ተቀምጠው የሚጫወቱት ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ) ተጫዋች ፓብሎ ካዛልስ ከዘመኑ ቀዳሚ ሙዚቀኞች አንዱ ነበር፤ ሆኖም የመድረክ ጭንቀት ዕድሜውን ሙሉ አልተለየውም። እ.ኤ.አ. በ1901 በሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ በሚገኘው በታማልፓይስ ተራራ ላይ ሲጓዝ የተንከባለለ ድንጋይ ግራ እጁን ጎዳው። ካዛልስ በኋላ እንደተናገረው፣ በዚያች ቅጽበት ወደ አእምሮው የመጣው የመጀመሪያ ሐሳብ ከእንግዲህ ሴሎ መጫወት አይጠበቅብኝም የሚል የእፎይታ ሐሳብ ነበር። እጁ ዳነ፤ ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ሲጫወት ኖሮ በ96 ዓመቱ አረፈ።

ፒያኖ ተጫዋቹ ቭላድሚር ሆሮዊትዝ በዝናው ከፍታ ላይ እያለ እ.ኤ.አ. በ1953 ከመድረክ ርቆ እስከ 1965 ድረስ በሕዝብ ፊት አልተጫወተም። ካናዳዊው ግሌን ጉልድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ገና በ31 ዓመቱ፣ የኮንሰርት ሕይወቱን እስከ መጨረሻው ዘግቶ ወደ ስቱዲዮ ገባ። የጉልድ ምክንያት ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ኮንሰርት የሚባለውን ነገር ከነሥርዓቱ አይወደውም ነበር። የሦስቱንም ታሪክ አንድ ላይ ስናየው ግን ችሎታና የመድረክ ጭንቀት አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ጥርጥር አይተውም። ካዛልስ ሥራውን የቀጠለውም ጭንቀቱ እያለ ነው።

ብዙ የተለማመደ ሰው ለምን ይሳሳታል?

ዋናው ጉዳይ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። ደረጃ ስንወርድ እግራችንን አናስበውም፤ እያንዳንዱን እርምጃ «አሁን ግራ፣ አሁን ቀኝ» እያልን ብንከታተል ግን የመሰናከል ዕድላችን ይጨምራል። በደንብ የተለማመድነው እንቅስቃሴ ከንቃተ ሕሊናችን ቁጥጥር ውጭ፣ በራሱ ቅደም ተከተል የሚሄድ ነው። ጫና ሲመጣ ሰው ስህተትን ለመከላከል ሲል ያንን በራሱ የሚሄድ ሥራ መልሶ በእጁ ለመምራት ይሞክራል፤ ሥራው የሚሰናከለውም ያኔ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮይ ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት ይህን ሐሳብ በሙከራ ደገፈው፤ ጫና ሰውን ወደ ራሱ እንዲመለከት ያደርገዋል፣ ወደ ራስ መመልከቱም የለመደውን ክህሎት ያውክበታል። ሲያን ቤይሎክና የሥራ ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ጥናት ደግሞ እግር ኳስ ተጫዋቾችን ይመለከታል። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ኳስ እየገፉ ሲሄዱ እግራቸው ኳሱን በየትኛው ጎኑ እንደነካ እንዲከታተሉ ተጠየቁ፤ በዋናው እግራቸው ሲገፉ ከወትሮው ዘገዩ። ለጀማሪዎቹ ግን ያው ክትትል ጠቀማቸው። ጀማሪ እጁንና እግሩን መከታተል ይኖርበታል፤ የበሰለው ሰው ያንኑ ሲያደርግ ይጎዳል። ለተማሪው ትክክል የነበረው የመምህሩ ምክር፣ «ጣትህን ተመልከት» የሚለው፣ ከዓመታት በኋላ መድረክ ላይ ጠላት የሚሆንበት አጋጣሚ አለ ማለት ነው።

ታዲያ ትኩረት የት ይረፍ? እ.ኤ.አ. በ2011 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ትምህርት ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር የኪቦርድ ሐረግ እንዲጫወቱ አድርገው ትኩረታቸውን በየተራ ወደ ጣታቸው፣ ወደ ቁልፎቹ፣ ወደ መሣሪያው መዶሻዎችና ወደሚወጣው ድምፅ እንዲያዞሩ ጠየቋቸው። በአዲስ ሁኔታ ሲፈተኑ ይበልጥ የተስተካከለ አጨዋወት የታየው ትኩረታቸው ከጣታቸው ርቆ ወደ ውጤቱ ሲሄድ ነበር።

ድምፃዊውም በጉሮሮው ፈንታ የግጥሙን ትርጉምና የዜማውን አቅጣጫ ቢይዝ፣ ጊታር ተጫዋቹ በግራ እጁ ፈንታ ከቤዙ ጋር የሚያደርገውን መገጣጠም ቢያዳምጥ ክህሎቱ እንደለመደው እንዲሠራ መንገዱን ይለቅለታል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቅዱስ ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጠው ጦራቸውን በሊቁ እግር ላይ እንደተከሉት፣ ሁለቱም ዜማው እስኪያበቃ ድረስ እንዳልታወቃቸው ይተረካል። ታሪኩ የሚነገረው ለሌላ ዓላማ ነው፤ ይሁንና ትኩረት ሙሉ በሙሉ በዜማው ላይ ሲያርፍ ስለራስ ማሰብ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ሥዕል አላውቅም።

«ተረጋጋ» የሚለው ምክር ለምን አይሠራም?

በደም ውስጥ የገባ አድሬናሊን በትእዛዝ አይወጣም። ተጫዋቹ ለመረጋጋት ሞክሮ ልቡ እንደበፊቱ ሲመታ ካገኘው፣ በመጀመሪያው ጭንቀት ላይ «መረጋጋት አቃተኝ» የሚል ሁለተኛ ጭንቀት ይደርብበታል። ከዚህም በላይ መነቃቃት በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። ሮበርት ዬርክስና ጆን ዶድሰን እ.ኤ.አ. በ1908 በአይጦች ላይ ካደረጉት ሙከራ የተነሳውና በኋላ ወደ ሰው የተሸጋገረው ሐሳብ እንደሚለው፣ መነቃቃት እየጨመረ ሲሄድ የሥራው ውጤት እስከ አንድ ደረጃ ይሻሻላል፤ ከዚያ ካለፈ ይወርዳል። ሥራው ከባድ ሲሆን ደግሞ የመውረጃው ነጥብ ቶሎ ይደርሳል። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ምክር ቀላል ነው፦ ለውድድር ወይም ለፈተና የሚመረጠው ሥራ በልምምድ ክፍል ውስጥ በጭንቅ የሚወጣው መሆን የለበትም። ብዙ ተወዳዳሪዎች ዳኞችን ለማስደነቅ ብለው ከአቅማቸው ጫፍ ላይ ያለውን ዘፈን ይመርጣሉ፤ ያ ጫፍ መድረክ ላይ ይወርዳል።

የሃርቫርዷ ተመራማሪ አሊሰን ውድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመችው ጥናት ሌላ መንገድ ያሳያል። ተሳታፊዎች በማያውቁት ሰው ፊት በካራኦኬ እንዲዘፍኑ ተደረገ፤ ከመዝፈናቸው በፊት አንዳንዶቹ «ጨንቆኛል» ሌሎቹ «ጓጉቻለሁ» የሚል ትርጉም ያለው ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው እንዲናገሩ ተጠየቁ። የዜማውን ትክክለኛነት የለካው መሣሪያ «ጓጉቻለሁ» ላሉት የተሻለ ነጥብ ሰጠ። ልባቸው ግን ቀስ ብሎ አልመታም። ሰውነት በጭንቀትም በጉጉትም ጊዜ የሚያሳየው ምልክት ስለሚመሳሰል፣ ከጭንቀት ወደ ጉጉት መሻገር ከጭንቀት ወደ እርጋታ ከመሻገር ይቀላል።

«በቃሌ ይዤዋለሁ» ማለት መቼ ነው እውነት የሚሆነው?

ዘፈን ወይም የመሣሪያ ሥራ በብዙ መንገድ በአእምሮ ውስጥ ይቀመጣል። ጣቶችና አፍ ቅደም ተከተሉን ይይዛሉ፤ ጆሮ የሚቀጥለውን ድምፅ ይጠብቃል፤ ዓይን የወረቀቱን ወይም የቁልፎቹን ምስል ያስታውሳል፤ አእምሮ ደግሞ «አሁን አዝማቹ ነው፣ ሁለተኛው ስንኝ ከመጀመሪያው የሚለየው በዚህ ቦታ ነው» ብሎ አወቃቀሩን ያውቃል። ከእነዚህ ውስጥ በድግግሞሽ ብዛት የሚገኘው የጣትና የአፍ ትውስታ ፈጣንና ምቹ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚሄድ ሰንሰለት ስለሆነ መሃል ላይ ሲበጠስ መነሻው ጋ ከመመለስ በቀር መግቢያ የለውም። ግጥም ጠፍቶት ከመጀመሪያው ልጀምር የሚል ድምፃዊ የደረሰበት ይህ ነው።

ተመራማሪው ሮጀር ቻፊን ከፒያኖ ተጫዋቿ ገብርኤላ ኢምሬ ጋር ሆኖ ያደረገው ጥናት ይህን ከውስጥ ያሳያል። ኢምሬ «የጣሊያን ኮንቼርቶ» የተባለውን የባኽ ሥራ ሦስተኛ ክፍል ስታጠና ልምምዷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀረጸ። እየተለማመደች ሳለ የምትቆመውና እንደገና የምትነሳው እንዳጋጣሚ አልነበረም፤ በአብዛኛው ከክፍሎቹ መጀመሪያ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይታ የሥራውን ኖታ ከትውስታዋ እንድትጽፍ ስትጠየቅ ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ያስታወሰችው የየክፍሉን መነሻ ነው፤ ከመነሻው እየራቀ ሲሄድ ትውስታዋ እየሳሳ ይሄድ ነበር።

ስለዚህ በጫና ጊዜ የሚያድነው አስቀድሞ የተቀመጠ የመያዣ ነጥብ ነው። አንድ ድምፃዊ ዘፈኑን በስድስትና በሰባት ቦታ ከፍሎ፣ ከየትኛውም ክፍል ያለ መንደርደሪያ መነሳት እስኪችል ድረስ ቢለማመድ፣ ግጥሙን ያለ ዜማ አንዴ ቢናገረው፣ አንዴም በወረቀት ላይ ቢጽፈው፣ አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላው ይከፈትለታል። የባንዱ አባላት በልምምድ ጊዜ «ከሁለተኛው አዝማች» እያሉ በድንገት ቢያስነሱት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመዋል። አሰልቺ ነው፤ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ የመዝፈን ያህል አይጥምም። ጥቅሙ ግን መድረክ ላይ ይታያል።

መሣሪያ ሳይነኩ መለማመድ ይቻላል?

ይቻላል፤ ልኩን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። አልቫሮ ፓስኳል-ሊዮኔና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት ፒያኖ የማይችሉ ሰዎች ቀላል የአምስት ጣት ልምምድ ለ5 ቀናት በየቀኑ ለ2 ሰዓት ሠሩ። አንደኛው ቡድን በእጁ ተጫወተ፤ ሌላው ጣቱን ሳያንቀሳቅስ በሐሳቡ ብቻ ተጫወተ። ጣትን በሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ላይ የታየው ለውጥ በሁለቱም ተመሳሳይ ነበር። በአጨዋወት ረገድ፣ በሐሳብ የተለማመዱት በአምስተኛው ቀን የደረሱት ሌሎቹ በሦስተኛው ቀን ከደረሱበት ነው፤ አንድ የ2 ሰዓት የእጅ ልምምድ ሲጨመርላቸው ግን ልዩነቱን ሞሉት። የሐሳብ ልምምድ እጅን የሚተካ አይደለም፤ እጅ ሲደክም፣ ድምፅ እረፍት ሲፈልግ ወይም ተጫዋቹ በታክሲ ውስጥ ሲሆን ግን የሚባክነውን ጊዜ ይመልሳል።

ለመድረክ ሲሆን በሐሳብ የሚታየው ነገር ከጣት በላይ መስፋት አለበት። ተጫዋቹ ዓይኑን ጨፍኖ ስሙ ሲጠራ፣ ደረጃውን ሲወጣ፣ መብራቱ ሲያርፍበት፣ ልቡም ሲመታ ያያል፤ ከዚያም በእውነተኛው ፍጥነት ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጆሮው ይሰማል። ምስሉ የሚደበዝዝበት ቦታ ካለ፣ ያ ቦታ በእጁም ያልጸና መሆኑን የሚያውቀው በዚህ ነው። ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፦ ሁሉ ነገር አምሮ ጭብጨባ ሲቀልጥ ብቻ ያስባሉ። እክል ተፈጥሮ ከእክሉ ሲወጡ ራስን ማየት ከዚያ ይበልጣል።

ጫናውን ራሱን እንዴት ይለማመዱታል?

በዘመናዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ብዙ ሰዓት የሚያሳልፈው በሩ በተዘጋ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ሲሳሳት ያቆማል፣ ይደግማል፣ ያስተካክላል። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ሰው ፊት ይቀርባል፤ በዚያን ዕለት ማቆም የለም፣ መድገምም የለም። ለወራት የለመደው አንድ ነገር፣ የሚፈተነው በሌላ ነው።

የአብነት ትምህርት ቤት አካሄድ በዚህ በኩል ይለያል። ዜማ የሚማር ደቀ መዝሙር የተማረውን በየኔታ ፊት፣ ጓደኞቹ እየሰሙት ያዜማል፤ ስህተቱም እዚያው ይታረማል። የቅኔ ተማሪም የራሱን ቅኔ ለመምህሩ የሚያቀርበው እኩዮቹ ባሉበት ነው። በሰው ፊት መቆም የትምህርቱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ፈተና ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ የመማሪያው መንገድ ነው። ሥርዓቱ የተሠራው የመድረክ ጭንቀትን ለማከም ተብሎ አይደለም፤ የዛሬ ተመራማሪዎች የሚመክሩትን ደረጃ በደረጃ መጋለጥ ግን በውስጡ ይዟል።

በለንደን የሚገኘው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሚዩዚክ ይህንኑ በቴክኖሎጂ አዘጋጅቶታል። ተማሪው በመጋረጃ ጀርባ ይጠብቃል፣ ይጠራል፣ መብራት ወዳለበት ይወጣል፤ ከፊቱ በትልቅ ስክሪን ላይ የተቀረጹ ተመልካቾች ወይም ሦስት ዳኞች ይታዩታል። ዳኞቹ ደስ ያላቸው፣ ምንም ስሜት የማያሳዩ ወይም ፊታቸውን ያጠቆሩ እንዲሆኑ ማድረግ ይቻላል። በቫዮሊን ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከዚህ የማስመሰያ ኦዲሽን (ለመመረጥ በዳኞች ፊት የሚቀርብ ፈተና) በፊት የታየው የልብ ምላሽና ጭንቀት ከእውነተኛው ኦዲሽን በፊት ከታየው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል። ዳኞቹ ምስል ብቻ መሆናቸውን ተማሪዎቹ እያወቁም ሰውነታቸው ፈራ።

ስክሪን የሌለው ሰው በስልኩ መሥራት ይችላል። ቀይ መቅረጫውን ተጭኖ፣ የመድረክ ልብሱንና ጫማውን ለብሶ፣ ሳይሟሟቅ አንዴ ብቻ ይጫወታል፤ ቢሳሳትም አያቆምም። ከዚያ ለአንድ ጓደኛ፣ ከዚያ ለቤተሰብ፣ ከዚያ ሙዚቃ ለሚያውቁ ሦስትና አራት ሰዎች። ልብ በፍጥነት ሲመታ መጫወትን ለመልመድ ደረጃ ሮጦ ወጥቶ ወዲያው መሣሪያውን ማንሳትም የታወቀ ዘዴ ነው። ይህ ከዝግጅቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የሚጀመር ከሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ሳምንታት ይፈልጋል።

በዕለቱስ ምን ይደረጋል?

በዕለቱ የሚሠራው ጥቂት ነው፤ ትልቁ ስህተትም በዚያን ቀን ብዙ ለመሥራት መሞከር ነው። ትንፋሽን ዝግ ማድረግ ሰውነት ላይ በቀጥታ ልንደርስ የምንችልበት አንዱ በር ነው፤ በደቂቃ ወደ 6 ገደማ ትንፋሽ፣ አወጣጡ ከአሳሳቡ የረዘመ፣ ሆድን እየነፋ የሚገባ። ለጥቂት ደቂቃ ይበቃል። የቀዘቀዘ ጣት በሙቅ ውሃ ይሞቃል፤ የደረቀ አፍ ውሃ ይፈልጋል። ቡና የለመደ ሰው የለመደውን ያህል ይጠጣ፤ በዚያን ቀን «ንቃት እንዲሰጠኝ» ብሎ የሚጨምረው ሲኒ ግን በአድሬናሊን ላይ መንቀጥቀጥ መጨመር ነው።

በሳውንድ ቼክ፣ ማለትም ከዝግጅቱ በፊት ድምፅ በሚፈተሽበት ጊዜ፣ ድምፃዊው ራሱን በሞኒተር (ወደ መድረኩ በዞረው ስፒከር) በደንብ መስማቱን ያረጋግጥ። ይህ ቴክኒካዊ ነገር ብቻ ይመስላል፤ ራሱን የማይሰማ ዘፋኝ ግን ስለ ጉሮሮው ማሰብ ይጀምራል፣ ትኩረቱም ወዲያው ወደ ውስጥ ይዞራል። ከመጀመሩ በፊት ባሉት ጥቂት ሰከንዶች የመግቢያውን ፍጥነትና የመጀመሪያውን ሐረግ በውስጡ መስማት ይበቃዋል። አስቸጋሪውን ቦታ እዚያ ላይ ማሰብ አያስፈልግም፤ እርሱ ሲደርስ ይደረሳል።

መሃል ላይ ቢሳሳቱስ?

ፖርቱጋላዊቷ ፒያኖ ተጫዋች ማሪያ ዣው ፒሬስ በአምስተርዳም ለሕዝብ ክፍት በሆነ የምሳ ሰዓት ዝግጅት ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ በሪካርዶ ሻዪ የሚመራው ኦርኬስትራ ያልጠበቀችውን የሞዛርት ኮንቼርቶ (ፒያኖና ኦርኬስትራ አብረው የሚጫወቱት ሥራ) ጀመረ፤ እርሷ የተዘጋጀችው ለሌላ ነበር። በተንቀሳቃሽ ምስሉ ላይ ድንጋጤዋ በግልጽ ይታያል። ኦርኬስትራው ብቻውን የሚጫወተው መግቢያ ግን ሁለት ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ጊዜ ነበራት፤ ሻዪም እየመራ አበረታታት። ተራዋ ሲደርስ ከትውስታዋ ተጫወተችው። ያዳናት ከዓመታት በፊት በጥልቀት የገባ ትውስታና በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ትኩረቷን ከድንጋጤው ወደሚሰማው ሙዚቃ መመለሷ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለኛ የሚቀርበው ምሳሌ አዝማሪው ነው። አድማጭ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ሲወረውርለት ማሲንቆው ሳይቆም ወዲያው መልሶ ማዜም አለበት። ስንኙ ቢያስቸግረው የማሲንቆውን ዜማ አንድ ዙር ያስረዝማል፣ አንዱን ታዳሚ ያወድሳል፣ ጊዜ ይገዛል። አድማጩ ይህን እንደ ስህተት አይቆጥረውም። ዘመናዊው ድምፃዊም ግጥሙ ቢጠፋበት ምን እንደሚያደርግ ከባንዱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይችላል፦ ባንዱ መደቡን ይደግማል፣ እርሱ ወደ አዝማቹ ይሄዳል፣ ወይም ማይኩን ወደ ሕዝቡ ያዞራል። መውጫ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ስህተትን የሚፈራው በልኩ ነው። ስህተቱ ከተፈጠረ በኋላ ፊትን ማጨማደድ፣ ራስን መነቅነቅና ባንዱን በቁጣ መመልከት ግን ያላስተዋለውን አድማጭ ሁሉ ያነቃል።

መድኃኒትና መጠጥስ?

ቤታ ብሎከር የሚባሉት መድኃኒቶች፣ በተለይም ፕሮፕራኖሎል፣ የአድሬናሊንን ሥራ በልብና በጡንቻ ላይ ስለሚገቱ መንቀጥቀጥንና የልብ ምትን ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ኦርኬስትራዎች በተደረገና ከ2,000 በላይ ሙዚቀኞች በመለሱት መጠይቅ ከአራቱ አንድ ያህሉ እንደተጠቀሙበት ተናግረዋል። መድኃኒቱ እጅን ያረጋጋል፤ ያልጸና ትውስታን አያጸናም፣ የተሳሳተ ትኩረትንም አያቀናም። አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ የልብ ምቱ ዝግ ያለ ወይም የደም ግፊቱ ዝቅተኛ የሆነ ሰውም ሊጎዳበት ይችላል። ስለዚህ ከባልደረባ ኪስ ተቀብሎ የሚዋጥ ክኒን አይደለም፤ ሐኪም ማዘዝ አለበት።

«አንድ መለኪያ ድፍረት ይሰጣል» የሚለው ልማድ ደግሞ የሚያደርገው በግልጽ ይታወቃል፦ አልኮል የፍርሃት ስሜትን ሲቀንስ የጣት ቅልጥፍናን፣ የመቃኘት ጥንቃቄንና ትውስታን አብሮ ይቀንሳል። ተጫዋቹ የተሻለ የተጫወተ ይመስለዋል፤ ቅጂው ሌላ ይላል።

ጭንቀቱ ከመድረክ ወርዶ እንቅልፍ የሚነሳ፣ ሥራ የሚያስቀር ወይም ከሰው የሚያርቅ ከሆነ በልምምድ ብቻ የሚፈታ አይደለም። እንዲህ ላለው ሁኔታ ብዙ የተጠናው ሕክምና ሰው ስለ ራሱና ስለ ስህተት ያለውን አስተሳሰብ ከባለሙያ ጋር እየመረመረ፣ የሚፈራውን ሁኔታ በደረጃ የሚጋፈጥበት የንግግር ሕክምና ሲሆን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የአእምሮ ሐኪም ጋ በመሄድ ይጀመራል።